አዲስ መኪና ከወኪሉ ጋራዥ ውጭ ሰርቪስ ቢደረግ ዋስትናው ይፈርሳልን?

አዲስ መኪና የገዛ ነጋዴ ሁሉ ከቁልፉ ጋራ አንዲት ትንሽ ደብተር ይረከባል። ይህች ደብተር የዋስትና ደብተር ትባላለች። ብዙዎቻችን ግን ቁልፉን በኪሳችን፣ ደብተሯን በመኪናው መሳቢያ ውስጥ እናኖርና መኪናው እስኪሰበር ድረስ አንገልጣትም። መኪናው በተሰበረ ዕለት ደብተሯ ትፈለጋለች። በዚያን ጊዜ ወኪሉ «መኪናውን ከእኛ ጋራዥ ውጭ አስነክተዋልና ዋስትናው ፈርሷል» ያለ እንደ ሆነ፣ ባለመኪናው የሚመልሰው ቃል ያጣል።

ይህ የወኪሉ አነጋገር ሁልጊዜ እውነት ነውን? ወይስ ሁልጊዜ ሐሰት ነው? ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ዋስትናው ሌላ ሰው መፍቻ ስላነሣበት ብቻ አይፈርስም፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች ሊያፈርሱት ይችላሉ። እነዚህም በውሉ ላይ በግልጽ የተጻፈ ቃል፣ ጉዳቱን ያመጣ የተበላሸ ሥራና የማስረጃ መጥፋት ናቸው። የዚህ ትምህርት አሳብ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ለማስረዳት ነው።

ነገሩ ለጣና ዳር ነጋዴ የሚከብድበት ምክንያት

በአገራችን ቶዮታን ሞኤንኮ፣ ኒሳንን ኒያላ ሞተርስ፣ ኢቬኮን አምቼ ለረጅም ዘመን ሲያቀርቡ የቆዩ ድርጅቶች ናቸው። የእነዚህ ሁሉ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። የዘጌን ቡናና ጌሾ ወደ ባሕር ዳር አውጥቶ የሚነግድ ሰው ግን መኪናው የሚውለውና የሚያድረው ከጣና ዳር ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ መንገድ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 1,120 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪናው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ የሚያስፈልገው ቢሆን፣ ለሰርቪስ ብቻ ሲመላለስ ከጠቅላላው ጉዞ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ በላይ ይጨርሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ የነዳጁ ዋጋ፣ የሾፌሩ አበልና ያለ ጭነት የሚያልፈው ቀን ሲታሰብ፣ ዘይትና ፊልትሮ ለማስለወጥ የወጣው ገንዘብ ከዘይቱ ዋጋ ይልቃል። ስለዚህ ነጋዴው ሰርቪሱን በቅርቡ በሚገኝ ጋራዥ ለማስደረግ ቢወድ ስስት ነው ሊባል አይችልም፤ የንግድ ሒሳብ ነው። ጥያቄው ይህን ሲያደርግ መብቱን እንዳያጣ ምን ማድረግ አለበት የሚለው ነው።

ሰርቪስና የዋስትና ጥገና አንድ አይደሉም

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ሥራዎችን መለየት ያስፈልጋል። ሰርቪስ ማለት ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ መለወጥ፣ ፍሬን ማየት፣ ቺንጊያ ማጥበቅና ይህን የመሳሰለው ባለመኪናው በገዛ ገንዘቡ በየጊዜው የሚያስደርገው ሥራ ነው። የዋስትና ጥገና ማለት ግን ከፋብሪካው ጉድለት የተነሣ የተሰበረውን ዕቃ ሻጩ በራሱ ወጪ የሚለውጥበት ሥራ ነው።

ሁለተኛውን ሥራ በራሱ ጋራዥ ለመሥራት መፈለግ የሻጩ መብት ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው እርሱ ነውና ማን እንደሚሠራው መምረጡ ተገቢ ነው። ስለዚህ በዋስትና ጊዜ ውስጥ አንድ ዕቃ የተሰበረ እንደ ሆነ ባለመኪናው በሌላ ጋራዥ አስፈትቶ፣ አስለውጦና አሮጌውን ጥሎ ሲያበቃ ከወኪሉ ዘንድ ገንዘቡን ልጠይቅ ቢል ብዙውን ጊዜ አይሆንለትም። የተሰበረው ዕቃ ራሱ ምስክር ነው፤ ምስክሩን ከጣለ በኋላ ክርክር የለም። ክርክር የሚነሣው በመጀመሪያው ሥራ ማለት በሰርቪሱ ላይ ነው።

ሁለት ዓይነት ዋስትና አለ

ዋስትና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ደብተሯን ብቻ ነው። ነገር ግን ከደብተሯ በፊት ሕጉ ራሱ የሰጠው ዋስትና አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287፣ የተሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋራ የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ሻጩ ለገዢው ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በቁጥር 2289 ደግሞ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ ወይም ለንግድ ሥራ የሚያስፈልገው ጠባይ ከጎደለው፣ ወይም በውሉ የተነገረው ጠባይ ከጎደለው፣ ጉድለት እንዳለበት ይቈጠራል።

ይህ የሕግ ዋስትና የሚመለከተው መኪናው ከገዢው እጅ ሲገባ ይዞት የመጣውን ጉድለት ነው። ከፋብሪካው ስንጥቅ ይዞ የመጣ ብረት፣ ዘይቱ በማንም እጅ ቢለወጥ ስንጥቅነቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ዋስትና በደብተሯ የተጻፈው ነው። ይህ ሻጩ ወይም ፋብሪካው በፈቃዱ የጨመረው የተስፋ ቃል ሲሆን፣ ለምሳሌ «3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚደርሰው» ተብሎ ይጻፋል። ተስፋውን የሰጠው ወገን መጠኑንም ወስኖ ሊሰጥ ይችላል። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራና ይህን የመሳሰለው በሥራ ብዛት የሚያልቅ ዕቃ ዘወትር ከዋስትናው ውጭ ይደረጋል። ብዙ ደብተሮች ደግሞ በአቧራ መንገድ ለሚሄድና ከባድ ጭነት ለሚጭን መኪና የሰርቪሱን ጊዜ ያሳጥሩታል። በኮረኮንች መንገድ የሚሠራ ነጋዴ ይህችን አንቀጽ ሳያይ ለከተማ አስፋልት የተጻፈውን ኪሎ ሜትር ቢከተል፣ በራሱ ጋራዥ ምርጫ ሳይሆን በሰርቪሱ መዘግየት ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል።

ጉዳቱን ያመጣው ምንድን ነው?

የነገሩ ቍልፍ ምክንያትና ውጤት ነው። ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ ነጋዴ 3 ዓመት ዋስትና ያለው አዲስ የጭነት መኪና አለው እንበል። በ20,000 ኪሎ ሜትር ላይ የሞተሩን ዘይትና ፊልትሮ በባሕር ዳር ከሚገኝ የግል ጋራዥ አስለወጠ። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት አራት ነገሮች ሊደርሱ ይችላሉ።

1ኛ. የካንቢዮው ጥርስ ተሰበረ። የሞተር ዘይት መለወጥና የካንቢዮ ጥርስ መሰበር ግንኙነት የላቸውም። ወኪሉ «ዘይቱን በሌላ ቦታ አስለውጠዋል» ብሎ ካንቢዮውን አልሠራም ቢል ምክንያቱ ምክንያት አይሆንም።

2ኛ. ጋራዡ የዘይቱን ማፍሰሻ ብሎን ሳያጠብቅ ቀርቶ ዘይቱ በመንገድ ላይ ፈሰሰና ሞተሩ ነከሰ። በዚህ ጊዜ ፋብሪካው ጥፋት የለበትም። ባለመኪናው የሚጠይቀው ሥራውን ያበላሸውን ጋራዥ ነው። ከጋራዡ የተቀበለው ደረሰኝ ከሌለው ግን ይህም በር ይዘጋበታል።

3ኛ. ሞተሩ ነከሰ፤ ነገር ግን ጋራዡ የሠራው ሥራ ትክክል ነበር፤ ዘይቱም ደብተሯ ያዘዘችው ዓይነት ነበር። ሆኖም ባለመኪናው ደረሰኝ አልተቀበለም፤ የዘይቱን ዓይነትና የለወጠበትን ኪሎ ሜትር አልጻፈም። እውነቱ ከእርሱ ጋራ ነው፤ ማስረጃው ግን የለም። ብዙ ነጋዴ የሚጎዳው በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው።

4ኛ. ባለመኪናው ብዙ ለመጫን ብሎ ባሌስትራ አስጨመረ፤ ሻንሲውም ተሰነጠቀ። ይህ ሰርቪስ አይደለም፤ የመኪናውን አሠራር መለወጥ ነው። ብዙ የዋስትና ደብተሮች ይህን ዓይነት ለውጥና ከመጠን በላይ መጫንን ከዋስትናው ያወጧቸዋል።

ሌሎች አገሮች እንዴት ደነገጉ?

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ማግነሰን ሞስ የተባለው የዋስትና ሕግ፣ ዋስትና የሰጠ ሰው ገዢውን በስም የተጠቀሰ መለዋወጫ ወይም የተወሰነ ጋራዥ ካልተጠቀምህ ዋስትናህ ይቀራል እንዳይለው ይከለክላል። ይህን ለማለት የሚችለው ዕቃውን ወይም ሥራውን በነጻ የሰጠ እንደ ሆነ ወይም ከፌዴራል የንግድ ኮሚሽኑ ልዩ ፈቃድ ያገኘ እንደ ሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይኸው ኮሚሽን ሃርሊ ዴቪድሰን በተባለው የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ላይ እርምጃ ወስዶ፣ የሌላ ፋብሪካ መለዋወጫ የተጠቀመ ዋስትናውን ያጣል የሚያሰኘውን ቃል ከዋስትናው እንዲያወጣ አድርጓል።

በአውሮፓ ኅብረትም የኅብረቱ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የመኪና ንግድ መመሪያ፣ ፋብሪካዎች ዋስትናቸውን ሰርቪሱ በራሳቸው ጋራዦች ብቻ ከመደረጉ ጋራ ማሰራቸው የውድድርን ሕግ እንደሚያስጥስ ገልጿል። ወደ አህጉራችን ስንመለስ፣ የደቡብ አፍሪካ የውድድር ኮሚሽን ያወጣው መመሪያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህ መመሪያ መሠረት ባለመኪናው በዋስትናው ጊዜ የወደደውን ጋራዥ ሊመርጥ ይችላል፤ ነገር ግን የመረጠው ጋራዥ ያደረሰው ጉዳት በፋብሪካው ላይ አይወድቅም።

እነዚህ ሦስት ሕጎች በአንድ አሳብ ይገናኛሉ። ሌላ ጋራዥ መምረጥ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ጉዳት ያመጣ ሥራ ግን ጥፋት ነው። ይሁን እንጂ የሌላ አገር ሕግ በባሕር ዳር ፍርድ ቤት አይጠቀስም። ፋብሪካው ለአውሮፓ ገዢ ያተመው ደብተርም ለእኛ መብት አይሰጥም። ስለዚህ ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ።

በአገራችን ሕግ እንዴት ነው?

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ እንደ አሜሪካው ጋራዥን በስም ጠርቶ የሚናገር ድንጋጌ የለም። ያለው አጠቃላይ ደንብ ነው፤ ይህም ቢሆን ለሚያውቅበት ሰው ትንሽ መሣሪያ አይደለም።

ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የጸና ነው ይላል። ስለዚህ ገዢው «ሰርቪሱ በወኪሉ ጋራዥ ካልተደረገ ዋስትናው ይቀራል» የሚል ቃል ባለበት ውል ላይ ከፈረመ፣ ያ ቃል በደብተር ለተሰጠው ዋስትና እንቅፋት ይሆንበታል። ከመፈረም በፊት ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በውሉ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ከሌለ ግን ወኪሉ በኋላ በቃል ሊጨምረው አይችልም።

ቁጥር 2001 ስለ ማስረዳት ይናገራል። ግዴታ አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩን ማስረዳት አለበት፤ ግዴታው ተለውጧል ወይም ቀርቷል የሚለውም ወገን በበኩሉ ይህን ያስረዳል። እንግዲህ ገዢው ደብተሩን አቅርቦ ዋስትና እንዳለው ካሳየ፣ «ዋስትናው ፈርሷል» የሚለው ወኪል የፈረሰበትን ምክንያት ማሳየት ይገባዋል ማለት ነው።

ቁጥር 2292 ገዢው ጉድለቱን ባወቀ ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ይህን ካስታወቀ በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ እንዳለበት ቁጥር 2298 ይወስናል። «ዛሬ ነገ» እያሉ ጭነት ማመላለስ መብትን ያስቀራል።

ብዙ ነጋዴዎች «የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለልን» ሲሉ ይሰማል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት የሰጠ አዋጅ ነው። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ለንግድ ሥራ የጭነት መኪና የገዛ ነጋዴ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ አይገባም። የእርሱ መከታ የፍትሐ ብሔሩ ሕግና የፈረመው ውል ነው።

ያለ ወኪል ስለ ገቡ መኪናዎች

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ንግድ ሰፍቷል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከፋብሪካው ወኪል ሳይሆን በልዩ ልዩ አስመጪዎች እጅ የገቡ ናቸው። ለምሳሌ የፎልክስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ የተሠራ አውቶሞቢል ነው። እንዲህ ባለው አውቶሞቢል ላይ «የፋብሪካው ዋስትና አለው» የሚል ቃል ከመታመኑ በፊት፣ ያ ዋስትና በኢትዮጵያ ምድር የሚሠራ መሆኑን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዓለም ገበያ ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና መስጠት የተለመደ ነው። ባትሪው የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ክፍል የሚይዝ በመሆኑ ይህ ዋስትና መኖሩና አለመኖሩ የብዙ መቶ ሺህ ብር ልዩነት ነው። የባትሪውን ሣጥን ያልተፈቀደለት መካኒክ መክፈቱ ዋስትናን ከሚያፈርሱት ነገሮች ዋነኛው ከመሆኑም በላይ፣ ኀይሉ ብርቱ ስለ ሆነ ሕይወትን ሊያጠፋ ይችላል። ጎማ፣ ፍሬንና መብራት ግን በማናቸውም ጥሩ ጋራዥ ሊሠራ ይችላል።

ገዢው ሊያደርገው የሚገባ

1ኛ. ከመክፈሉ በፊት የዋስትናውን ደብተር ይጠይቅና ያንብብ። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ የሚያስተረጕመው ሰው ይፈልግ።

2ኛ. ወኪሉ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ወይም ውክልና የሰጠው ጋራዥ እንዳለው ይጠይቅ። ከሌለው ሰርቪሱን በቅርብ ጋራዥ ለማስደረግ የሚፈቅድ አንድ መስመር በውሉ ላይ እንዲጨመር ይጠይቅ። ከመሸጡ በፊት ሻጩ ለስላሳ ነው፤ ይህን ፈቃድ ለማግኘት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

3ኛ. ንግድ ፈቃድ ያለውንና ደረሰኝ የሚሰጠውን ጋራዥ ይምረጥ። ደረሰኙ ቀኑን፣ የሰሌዳውን ቁጥር፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱን ስምና ደረጃ፣ የፊልትሮውን ዓይነት የያዘ ይሁን።

4ኛ. ደብተሯ ያዘዘችውን ዘይትና ፊልትሮ በወቅቱ ያስለውጥ፤ የተገዛበትንም ደረሰኝ ከጋራዡ ደረሰኝ ጋራ ይስፋ። የሰርቪሱን ደብተር ጋራዡ ማኅተም ያድርግበት።

5ኛ. በመኪናው ላይ ብልሽት የታየ እንደ ሆነ ሳያስፈታ ለወኪሉ በደብዳቤ ያስታውቅ፤ የደብዳቤውንም ግልባጭ ይያዝ። ወኪሉ እምቢ ቢል የእምቢታውን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቅ። በቃል ሲነገር ቀላል የነበረ ምክንያት በጽሑፍ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይከብዳል።

አስመጪውና ባለሱቁ ሊያደርጉት የሚገባ

ይህን ጋዜጣ ከምናነበው ብዙዎቻችን ዛሬ ገዢ ብንሆን ነገ ሻጭ ነን። በጣና ላይ የሚመላለሰውን የጀልባ ሞተር፣ ጄኔሬተሩን፣ የቡና መፍጫውን፣ ማቀዝቀዣውን የምንሸጥ እኛው ነን፤ ከላይ የተባለው የሕግ ዋስትናም በእኛ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ለደንበኛ የሚሰጠው ዋስትና በአማርኛ፣ በአጭሩና በግልጽ ይጻፍ። ዋስትናን የሚያስቀረው ምክንያት አንድ በአንድ ይዘርዘር፤ «ሌላ ሰው ከነካው» የሚል ጥቅል ቃል ብቻ አይበቃም። ከገጠር ለሚመጣ ደንበኛ በአቅራቢያው አንድ የታወቀ መካኒክ መርጦ ሥራውን መፍቀድ፣ ደንበኛውን ሩቅ መንገድ ከማስኬድ ይልቅ ሻጩን ይጠቅማል፤ የተበላሸ ሰርቪስ ከሚያመጣው ጭቅጭቅም ያድነዋል። ደንበኛ ሲጠይቅ ምክንያቱን የሚነግር ሻጭ ሁለተኛም ይገዛበታል።

ማጠቃለያ

ከወኪሉ ጋራዥ ውጭ የተደረገ ሰርቪስ ብቻውን ዋስትናን አያፈርስም። ውሉ በግልጽ ከከለከለ፣ ወይም ሥራው ጉዳቱን ካመጣ፣ ወይም ባለመኪናው ሥራው በደንብ መሠራቱን ለማሳየት ካልቻለ ግን ዋስትናው በአደጋ ላይ ይወድቃል። ከነዚህ ከሦስቱ የመጀመሪያው ከመፈረም በፊት በማንበብ፣ ሁለተኛው ጋራዥን በመምረጥ፣ ሦስተኛው ደረሰኝን በማስቀመጥ ይከለከላል። ሦስቱም በነጋዴው እጅ ያሉ ናቸው፤ ከአንድ ሞተር ዋጋ ጋራ ሲመዛዘኑም ወጪያቸው ከወረቀትና ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለጋራዥ ደረሰኝም ይሠራል።